«ጨጓራ ነው፣ ዕድሜ ነው» የተባለው ድካም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጅማ ነው። 58 ዓመቴ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ከመስከረም ወዲህ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ይዝላል። ኦሜፕራዞል ስውጥ ከረምኩ። በካሜራ ታየሁ፣ ‹ንጹሕ ነው› አሉኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። ነገር እረሳለሁ። ባለቤቴ ‹ቁጡ ሆንክ› ትለኛለች። ማና ወረዳ ትንሽ የቡና መሬት አለችኝ፤ ዘንድሮ ሌላ ሰው ለቀመልኝ፣ ሄጄም አላየሁም። ጁምዓም እየቀረሁ ነው። ጫት ድሮ ከሰው ጋር ነበር የምቅመው፣ አሁን ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ነው። የ20 ዓመት ጓደኛዬ አምና ሞቷል። አንዳንዴ ‹ተኝቼ ባልነቃስ› እላለሁ። ሰው ሁሉ ዕድሜ ነው ይለኛል። ልጄ ደግሞ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው ትላለች። የቱ ነው? መድኃኒት ብጀምርስ ሱስ አይሆንብኝም?»

ምላሽ፦

ጋሼ፣ ከጨጓራዎ አልጀምርም። መጨረሻ አካባቢ እንደ ዋዛ ጣል ካደረጓት ነገር ነው የምጀምረው፤ «ተኝቼ ባልነቃስ» ካሏት።

ይህን የሚሉ ብዙ ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረውት አያውቁም። ሀሳቡ መጣብዎ ማለት እምነትዎ ጎደለ ማለት አይደለም፤ እብደትም አይደለም። ግን ደረጃ አለው። «ደከመኝ፣ በቃኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ እንዴትና መቼ ብሎ ማሰብ ሌላ ነው። እርስዎ የትኛው ላይ እንዳሉ ከጽሑፍ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅዎ፦ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ ያቁሙት። ባለቤትዎን ወይም ልጅዎን ይጥሩና ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀጠሮ አያስፈልገውም። «አይ፣ እስከዚያ አልደረስኩም» ካሉም ዛሬ ማታ ለባለቤትዎ ይንገሯት። ለቡናው የተገዛ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት፣ ከድሮ የተረፈ ክኒን ቤት ውስጥ ካለ ይቆለፍበትና ቁልፉን እሷ ትያዝ። ስለ ሞት መጠየቅ ሀሳቡን ያመጣል የሚሉ አሉ። አያመጣም። የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ከጨጓራው ይልቅ ያስደነገጠኝ የማናው መሬት ነው። ቡና ያለው የጅማ ሰው በለቀማ ጊዜ ቤቱ አይቀመጥም። ሰው ቢቀጥር እንኳ ቆሞ ካላየ አይሆንለትም። አረንጓዴው ከቀዩ ተቀላቅሎ እንዳይለቀም፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ያለው በደንብ እንዲገለባበጥ፣ ዝናብ ሲያስገመግም ቶሎ እንዲሸፈን። ይህን ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዘንድሮ ግን «ሄጄም አላየሁም» ብለው አለፉት። የተቆጩበትም አይመስሉም።

ድባቴ ይህን ይመስላል። ብዙ ሰው ድባቴ ሲባል የሚታየው እንባ ነው። እኛ የምንፈልጋቸው ዋና ምልክቶች ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመከፋት ስሜት፣ ሌላው ደስ ይል የነበረ ነገር ጣዕም ማጣቱ። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። አንዲት ጠብታ እንባ ሳይወርድ ድባቴ ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሀሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የሰውነት መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን መውቀስና ስለ ሞት ማሰብ ይታያሉ። ከእነዚህ 9 ምልክቶች 5ቱ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ 2 ሳምንት ከቆዩና ኑሮን ካወኩ ድባቴ እንለዋለን። እኔ ከጥያቄዎ ብቻ አምስት ቆጥሬያለሁ። ጊዜውም ስድስት ወር ሆኖታል። ሰውን ሳላይ በሽታ አልሰይምም፤ ግን ልጅዎ ዝም ብላ አላወራችም።

ቁጣውንም አልረሳሁትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ «ከፋኝ» አይልም። ይቆጣል፣ ዝም ይላል፣ በር ይዘጋል። ቤተሰቡ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ይተረጉመዋል። እሱ ደግሞ በራሱ ያፍርና በሩን የባሰ ይዘጋል።

ጨጓራውስ? ህመሙ የለም አላልኩም። ያቃጥልዎታል፣ እውነት ነው። እኛ አገር ድባቴ ይዞት የሚመጣ ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ አይጀምርም። «ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል፣ ልቤ ትመታለች» ይላል። አንጎልና ሆድ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው። ስሜትን የሚቆጣጠሩት ኬሚካሎች ህመምንም ይቆጣጠራሉ። እነሱ ሲዛቡ ትንሹ ህመም ይገንናል። ደግሞ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ችግሩ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ጨጓራውን ብቻ ሲያሳክም መክረሙ ነው።

«ዕድሜ ነው» ለሚሉዎት ሰዎች አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ዕድሜ ጉልበት ይነሳል፣ ዓይን ያደክማል፣ ፀጉር ያሸብታል። ከልጅ፣ ከቡና፣ ከሶላት ግን አያለያይም። አብዛኛው አዛውንት ድባቴ የለበትም። እውነት ነው፣ በዚህ ዕድሜ አጋጣሚው ይበዛል፤ ወዳጅ ይሞታል፣ ልጆች ይሄዳሉ፣ የጡረታው ቀን ከሩቅ ይታያል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይመጣሉ። የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮችም ይጎዳሉ። ምክንያቱ ይበዛል ማለት ግን ህመሙ ተፈጥሯዊ ነው፣ ዝም ተብሎ ይቻላል ማለት አይደለም። እግሩ የተሰበረን ሰው «መንገዱ አባጣ ጎርባጣ ስለሆነ ነው» ብለን ሳናክም አንተወውም።

ይህን የምለው እኔም ስለተሳሳትኩ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አዛውንት መጡ። «አባቴ፣ ዕድሜዎ ነው» ብዬ ቫይታሚን አዝዤ ሸኘኋቸው። ከአራት ወር በኋላ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። እህል ትተው ነበር። ታከሙ፣ ዳኑ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ቫይታሚንህ አለ?» እያሉ ያሾፉብኛል። የሚገባኝ ነው።

ድባቴ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ግን መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የታይሮይድ እጢ ሥራ ሲቀንስ ሰው ይደክማል፣ ይዘገያል፣ ስሜቱ ይወርዳል፤ ድባቴን ቁርጥ ይመስላል። እንቅርት ባይታይም ምርመራው ይደረግ። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታም ይታዩ። እርስዎ ላይ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን እጨምራለሁ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዚህን ቫይታሚን ወደ ደም መግባት ሊቀንስ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታማሚም እንደዚሁ። ቢ12 ሲጎድል መርሳትም፣ ድካምም፣ የስሜት መውረድም ይመጣል። የሚወስዱትን ክኒን በሙሉ በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ስሙን ከማስታወስ እሱ ይቀላል።

ስለ መርሳቱ ብዙ አይጨነቁ፤ ግን አይተዉትም። በድባቴ የሚረሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ እርስዎ ራሱ ነው የሚያማርረው። ሲጠየቅ «አላውቅም፣ ተወኝ» ይላል። የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መርሳቱን ራሱ አያየውም፤ ቤተሰቡ ነው የሚያየው። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ድባቴው ሲሻል መርሳቱ ካልተሻለ እንደገና ይታያል።

ጫቱ ላይ ደርሻለሁ። ጅማ ተቀምጬ ስለ ጫት ስብከት አልጀምርም፤ የሚሰማኝም የለም። የማየውን ብቻ ልንገርዎ። ጫት ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፣ ያስወራል። ከዚያ ይወርዳል። ድባቴ ያለበት ሰው ሲወርድ ከነበረበት ዝቅ ይላል። እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብን ያስሮጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጣሪያ የሚያዩት በድባቴው ብቻ ላይሆን ይችላል። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ብቻዎን መሆንዎ ነው። ከሰው ጋር ሲሆን ቢያንስ ወሬ ነበረው፣ ሳቅ ነበረው። አሁን የቀረው ቅጠሉ ነው። በአንድ ቀን ይተዉ አልልዎትም። ቀኑን ይቀንሱ፣ ሰዓቱን ቀደም ያድርጉት፣ ክፍል ዘግቶ መቃሙን ግን ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ሲቀንሱ ጥቂት ቀን ድብርትና ድካም ይጨምራል፣ ቅዠትም ሊኖር ይችላል። ያልፋል። ይህን ሳያውቁ ከጀመሩት በሦስተኛው ቀን «ጭራሽ ባሰብኝ» ብለው ይመለሳሉ።

ጓደኛዎን በተመለከተ፣ ነፍስ ይማር። ሐዘን በሽታ አይደለም። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣና ይሄዳል፤ በመሀል ሰው ይስቃል፣ ስለ ሟቹ ሲያወራ ፊቱ ይፈካል። ድባቴ ግን ሜዳ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት። አንዳንዴ አንዱ ከሌላው ይወለዳል። እርስዎ ስለ ጓደኛዎ የጻፉት አንድ መስመር ነው። ከማን ጋር እንዳወሩበት አላውቅም። ምናልባት ከማንም ጋር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንድ ነገር ከያዙ ይህን ይያዙ፦ ፍላጎት እስኪመጣ አይጠብቁ። ጤነኛ ሰው መጀመሪያ ይፈልጋል፣ ከዚያ ይነሳል። በድባቴ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሳይፈልጉ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ፍላጎቱ ከሳምንታት በኋላ እየተጎተተ ይደርስብዎታል። ይህ ምክር ቀላል ይመስላል። ሕክምና ነው፤ በደንብ ተጠንቷል፣ ይሠራል።

እንዴት እንደሚደረግ በእርስዎ መሬት ላሳይዎ። «ቅዳሜ ማና እሄዳለሁ» ካሉ አይሄዱም። ቅዳሜ ጠዋት ሰውነትዎ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ «ለሚቀጥለው» ይላሉ። ስለዚህ ነገሩን እንቆራርጠው። ዓርብ ማታ ጫማዎ በሩ ጋ ይቀመጥ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ጫማውን ያድርጉ፣ ደጃፉ ድረስ ይውጡ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ ይህ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ከደጃፉ ወደ መናኸሪያ መሄድ ከቻሉ ይሂዱ። ማና ከደረሱ ደግሞ ሙሉ መሬቱን ልዙር አይበሉ። አንድ ተራ ቡና ይመልከቱ። የትኛው እንዳረጀ፣ የትኛው መጎንደል እንዳለበት ይቁጠሩና ይመለሱ። (ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ሲያቆጠቁጥ ያለውን ነገር ምሳሌ አድርጌ ልስበክዎ ነበር፤ ተውኩት። እርስዎ ስንቱን እንደጎነደሉ እያወቅኩ ነውር ነው።)

የልጆች ደብተር ይግዙ። በየቀኑ ማታ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ምን እንደሠሩና ከ10 ስንት እንደተሰማዎት። «ጫማ አደረግኩ፣ 2።» «አንድ ተራ ቡና አየሁ፣ 3።» «ቤት ዋልኩ፣ 1።» ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሮቹ ምን እንደሚያነሣዎትና ምን እንደሚጥልዎት ይነግሩዎታል። ድባቴ «ምንም አይጠቅምም» እያለ ይዋሻል። ደብተሩ ግን ማስረጃ ነው።

በሥራ ቀን መሄጃ አይጠፋም። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅማው መርካቶ ያለውን መንገድ በእግርዎ ያድርጉት። ዝናቡ ከገባ ጭቃው ሰበብ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ መግባት እንጂ መውጣት አይወድም። ጃንጥላ ይያዙ። ጠዋት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል።

ጁምዓንም በዚሁ መንገድ ይመልሱት። መስጊድ ሲገቡ ሰው ሁሉ «የት ጠፋህ?» እንዳይልዎ ፈርተው ከሆነ፣ አንድ የሚያምኑትን ሰው ቤትዎ መጥቶ እንዲወስድዎ ይንገሩት። ከኋላ ተቀምጠው፣ ሰግደው፣ ማንንም ሳያናግሩ ይመለሱ። ለመጀመሪያው ሳምንት በቂ ነው። አንዳንድ ሰው «ኢማንህ ቢጠነክር ይህ አይመጣብህም ነበር» ይልዎ ይሆናል። ቀንና ሌሊት ቁርአን የሚቀሩ ሼኮች፣ ገዳም የኖሩ አባቶች በዚህ ህመም ታክመው አይቻለሁ። ዱዓውም ይደረግ፣ ክኒኑም ይዋጥ። አንዱ ሌላውን አያባርርም።

ለእንቅልፉ፣ ማታ መቼም ይተኙ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ሌሊት ነቅተው እንቅልፍ እንቢ ካለ፣ ግማሽ ሰዓት ከመገላበጥ ተነስተው በደብዛዛ መብራት ይቀመጡ፤ ሲያሸልብዎ ይመለሱ። ስልክ አይንኩ። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር። ይህን ለጅማ ሰው ማዘዝ ድፍረት እንደሆነ ይገባኛል። ቡናው ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ፈንዲሻውን ይቆርጥሙ፣ ስኒውን ብቻ ያሳልፉት።

መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል ወይ ላሉት፣ አያስይዝም። የድባቴ መድኃኒት ወስዶ የሚሰክር የለም፤ ሱስ ይዞት መጠኑን በራሱ እየጨመረ የሚሄድም የለም። ሱስ የሚያስይዙት ሰው ለእንቅልፍ ብሎ ከፋርማሲ የሚገዛቸው እንደ ዲያዜፓም ያሉት ናቸው። እነዚያ በዚህ ዕድሜ ያስወድቃሉ፣ መርሳትንም ያብሳሉ። ያለ ሐኪም አይንኳቸው።

ብዙ ጊዜ የምንጀምረው በፍሉኦክሴቲን ወይም በሰርትራሊን ነው። በትንሽ መጠን ይጀመራል፣ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል፣ ትንሽ ያቁነጠንጣል። የሚያሳዝነው ጉዳቱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጥቅሙ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መምጣቱ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ መሀል ነው። ሙሉ ፍርድ ለመስጠት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቁ። ከዳኑ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፤ «ተሻለኝ» ብለው በአንድ ቀን አያቁሙት፣ ያዞራል፣ ህመሙም ሊመለስ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የሚባለውም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ሽንት የሚያስቸግርዎ፣ የፕሮስቴት ችግር ወይም የልብ ህመም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። እነ ፍሉኦክሴቲንን ከዳይክሎፌናክ፣ ከኢቡፕሮፌን ወይም ከአስፕሪን ጋር መውሰድ ደግሞ ጨጓራን የማድማት አደጋ ይጨምራል። ለእርስዎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጫት እንደሚቅሙም አይደብቁ፤ ሐኪሙ የልብ ምትዎንና ግፊትዎን ማየት አለበት።

ድባቴው መካከለኛ ከሆነ በንግግር ሕክምና ብቻም ይታከማል። ከጠነከረ ሁለቱ አብረው ይሻላሉ። እርስዎ ያሉበት ከተማ ለዚህ ዕድለኛ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አይጠበቅብዎትም። «እዚያ በር ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?» የሚሉ ይኖራሉ። ያይዎታል፤ ጅማ ትንሽ ናት። ግን ያየዎት ሰውም ምን ሊያደርግ እዚያ መጣ?

ለባለቤትዎ ሁለት ቃል፤ ይህን ያንብቡላት። እትዬ፣ «ጠንከር በል፣ ወንድ አይደለህ እንዴ» አይበሉት። ቢችል ኖሮ ጠንክሮ ነበር። «ምን ጎደለህ?»ም አይጠቅምም። ቡና ሲያፈሉ ይጥሩት፣ ካልመጣ ስኒውን ክፍሉ ድረስ ይዘውለት ይግቡ፣ ሳያወሩ አጠገቡ ይቀመጡ። ቁጣው ወደ እርስዎ ቢመጣም ከእርስዎ የመጣ አይደለም። ለቀጠሮውም አብረው ይሂዱ። እሱ «ጨጓራዬን ነው» ብሎ እንዳይመለስ፣ የሌሊቱን፣ የቡናውን፣ የጁምዓውን ነገር እርስዎ ይናገሩ።

ጋሼ፣ የጉንደላው ወቅት ሳያልፍ ቅዳሜ ጫማዎን ያድርጉ። ማና ከደረሱ ስንት ዛፍ መጎንደል እንዳለበት ቆጥረው ይጻፉልኝ። ደጃፍ ላይ ከቀሩም እሱኑ ይጻፉልኝ።